ዴንማርክኛ የጠፋበት ጎረቤቴ

ናዪፍ አሳማ ቄራ የተቀጠረ ጊዜ ሚስቱ ሱሀይላ ሦስት ቀን አላነጋገረችውም። በአራተኛው ቀን በሩ ላይ ቆማ፣ «የሥራ ልብስህን ለብሰህ እዚህ ቤት አትገባም» አለችው። እሱም እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ነው ደረጃውን የሚወጣው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ከበራችን ፊት ለፊት ስለሆነ ኮቴውን ከሌላው ሰው ለይቼ አውቀዋለሁ። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ እንደ እህትና ወንድም አንተ አንቺ ነበር የምንባባለው።

ሁላችንም ከሊባኖስ፣ ከፍልስጤማውያን የስደተኛ ሰፈር ነው የመጣነው። እኔ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር፣ ናዪፍ ከሱሀይላና ገና ጡት ካልጣለች ሴት ልጁ ጋር። ዴንማርክ ተቀበለችን፤ ዩትላንድ ውስጥ አንዲት መካከለኛ ከተማ ወስዳ ቢርከሄገን የሚባል የኪራይ ቤቶች መንደር አስገባችን። ቤቱን እኛ አልመረጥነውም። ይህን የምናገረው ኋላ «ለምንድን ነው ተሰብስባችሁ የምትኖሩት?» ስላሉን ነው።

ልጅቱ ለሚስ ትባላለች። እኛ ዘንድ አባት የሚጠራው በልጁ ስም ነው፤ ሴት ብቻ የወለደ ሰው ግን በልጅቱ ስም መጠራቱን ብዙም አይወደውም። ናዪፍ ወደደው። አቡ ለሚስ፣ የለሚስ አባት፣ ሲሉት ዞሮ ፈገግ ይል ነበር።

መስገጃ ክፍላችን ውስጥ ሐጂ ዑበይዳ የሚባል ነገረኛ ሰው ነበር። ናዪፍ ዓርብ ዓርብ ሲገባ ሳይነካካው አያልፍም።

«አፍንጫችሁን ያዙ፣ የአሳማው ባለቤት መጣ» ይላል።

ናዪፍ ጫማውን እያወለቀ፣ «ሐጂ፣ መንግሥት በየወሩ የሚሰጥህ ድጎማ ከየት የሚመጣ መሰለህ? ከኔ ግብር ነው። የኔ ግብር ደግሞ ከአሳማው ነው። አሁን ማን ነው አሳማ የበላው?» ይለዋል።

ሰው ይስቃል። ሐጂ ዑበይዳም ይስቃል። ግን ረመዳን ላይ ሱሀይላ ለጎረቤት የምትልከውን ምግብ አንዳንዱ ቤት ሳይቀምስ ይደፋው እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቅ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በማሽን የሚዞረው ሰንሰለት ሥጋውን እያንጠለጠለ ያመጣዋል፣ ናዪፍ የአሳማውን ትከሻ በቢላ ይለያል፣ ቀጣዩ ይመጣል። ጣቶቹ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉለትም። ከጎኑ ቤንት የሚባል ዴንማርካዊ ነበር የሚቆመው፤ ስንት ዓመት አብረው ቢላ ስለዋል። ናዪፍ በየበዓሉ፣ «ቤንት፣ ቤት ና፣ ሱሀይላ ትሥራልህ» ይለዋል፤ ቤንትም «እሺ፣ አንድ ቀን» ይላል። አንድም ቀን አልመጣም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ናዪፍ ጀርባውን ያመመው ጊዜ ድርሻውን ደርቦ ይቆርጥለት ነበር። ቤቱ መምጣት ግን አልሆነለትም።

በታኅሣሥ የፋብሪካው ሰው ተሰብስቦ የገና ምሳ ይበላል፤ ቢራና ጠንካራ መጠጥ ይወርዳል፣ ይዘፈናል። ከኛ ሰዎች የሚሄድ አልነበረም። ናዪፍ በየዓመቱ ሸሚዙን ተኩሶ ይሄዳል። አንድ ዓመት ሳህኑ ላይ ከሰላጣው ሥር ቁራጭ አሳማ ደበቁለት። ሹካው ሲያወጣው ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እሱም አብሮ ሳቀና ወደ ጎን ገፋው።

ሱሀይላ ስትሰማ፣ «ምን አሳቀህ?» አለችው።

«ካልሳቅኩማ ለሚቀጥለው ዓመት አይጠሩኝም» አላት።

ቋንቋውን ያስተማረችው መጀመሪያው ወለል ላይ የምትኖረው ኢንገር ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጆሮዋ የደከመ ሴትዮ። እሱ ከገበያ ዕቃዋን ይሸከምላታል፣ እሷ ደግሞ ደረጃው ሥር አስቁማ ቃል ታስደግመዋለች። ዴንማርክኛ ጉሮሮ ውስጥ የሚቀር ቋንቋ ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው ግማሹን ይውጡታል። ናዪፍ ቃላቱን ወደ ውጭ ሲያወጣቸው ኢንገር እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እንደገና» ትለዋለች። መስማት አቅቷት ይሁን እሱ ተሳስቶ፣ አይታወቅም። ከሕንፃው ጀርባ ባለች ቁራሽ መሬት ላይ አብረው ድንችና ጎመን ይተክሉ ነበር፤ እሷ ለሾርባ፣ እሱ ለወጥ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ እዚያው አፈሩ ላይ ፎቶ አነሳቸው፤ በከተማው መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ። ናዪፍ አስር ቅጂ ሰበሰበ።

ኢንገር ትወደው ነበር። «አንተ ግን እንደነሱ አይደለህም» ትለዋለች ብዙ ጊዜ። መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁትና ምን ሆንክ ስለው፣ «ራውዳ፣ ኢንገር 'እነሱ' የምትለው አንቺን መሆኑ ነው?» አለኝ። በራችንን ከፍቼ ገባሁ።

ለሚስ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ መምህርቷ ናዪፍን ጠርታ፣ «ቤት ውስጥ ዴንማርክኛ ብታናግሯት ለትምህርቷ ይበጃታል» አለችው። ሌላው አባት ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆን ነበር። ናዪፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን በዚያ በተሰባበረ ዴንማርክኛው ብቻ ማናገር ጀመረ። ሱሀይላ አልቻለችበትም፤ ከእናቷ ጋር ለሚስ የማድ ቤት ዓረብኛ ነበራት፣ ብይ፣ ጠጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ብርድ ነው። ከአባቷ ጋር ግን የሆዷን ሁሉ የምታወራው በዴንማርክኛ ነው። እያረመችው ነበር ያደገችው። እሱም በመታረሙ ይኮራ ነበር።

ልጅቷ ጎበዝ ወጣች። የጥርስ ሕክምና ረዳት ሆነች። ከካስፐር ጋር የተዋወቁትም እዚያው ሥራዋ ላይ ነው።

ካስፐር የመጣበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሱሀይላ ብቻዬን አልችልም ብላ እኔን ጠርታኝ ነበር። ልጁ አበባ ይዞ፣ ሳይነግሩት ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነበረበትና ጣቱን እየደበቀ ተቀመጠ። ሻዩን እስከ ታች ጠጣ። ከዚያ፣ «ለሚስን ማግባት እፈልጋለሁ» አለ።

ናዪፍ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «እኛ ሙስሊም ነን። ታውቃለህ» አለው።

«አውቃለሁ። ለሚስ ነግራኛለች። ካስፈለገ ሙስሊም ለመሆን የሚባለውን ቃል እላለሁ።»

«በልብህ ታምናለህ?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። «አላምንም» አለ። «አምናለሁ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ግን ለናንተ ትልቅ ነገር ከሆነ፣ እለዋለሁ።»

ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ስንቱ ዋሽቶ አግብቷል። ናዪፍ ግን ራሱ ጠይቆ እውነቱን ሰማ፤ ከሰማ በኋላ እንዳልሰማ መሆን አልቻለም። «አላህን ለኔ ብለህ አትጥራው» አለውና ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ካስፐር አበባውን የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት ለኔ ሰጠኝ።

ለሚስ በዚያው ሳምንት ከቤት ወጣች። ተጋቡ። ሠርጉ በከተማው አዳራሽ ነበር፤ ከኛ ወገን ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድኩም። መሄድ እችል ነበር፤ ሰው ምን ይላል ብዬ ቀረሁ። ናዪፍ ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ድንች ሲኮተኩት ዋለ። በሚቀጥለው ዓርብ አንዱ «አቡ ለሚስ» ብሎ ሲጠራው፣ «ናዪፍ በለኝ» አለው። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በስሙ ጠራነው፤ ልክ እንደ ዴንማርኮቹ።

ሱሀይላ ግን አልቻለችም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከኔ ጋር ልብስ ልትገዛ ትሄዳለች እየተባለ ከለሚስ ጋር ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ትገናኝ ነበር። ለሚስ ወንድ ልጅ ስትወልድ ያቀፈችው እዚያው ነው፣ ከጫማ መደብሩ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ። ናዪፍ ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንድ ማክሰኞ ደረጃው ላይ፣ «ዛሬ ብርድ ነው፣ ሕፃን ይዞ የሚወጣ ሰው ቢያለብሰው ጥሩ ነው» ብሎኝ አልፏል። ከዚህ በላይ ግን አንድ እርምጃ አልሄደም። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ከዚያ ሱሀይላ በጡት ካንሰር ሞተች። ቀብሩ ላይ ለሚስ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አባቷ አፈሩን እያየ መጣ፣ አፈሩን እያየ ሄደ።

በዚያ ላይ መንደሩ ራሱ መበላሸት ጀመረ። ሥራ ያጡ ጎረምሶች የቆሻሻ ገንዳዎቹን ያቃጥሉ ጀመር፤ አንዱን ልክ ኢንገር መስኮት ሥር። ናዪፍ ወርዶ ተቆጣቸው።

«ይህች ሴትዮ ሰማንያ ዓመቷ ነው። እናት የላችሁም?»

«ተወን ባክህ፣ የአሳማው ሰውዬ» አለው አንዱ። ጥርት ባለ ዴንማርክኛ ነው ያለው፤ ናዪፍ በዕድሜው ሙሉ ያልደረሰበት ዴንማርክኛ።

በወሩ የኢንገር ልጅ መኪና ይዛ መጥታ እናቷን ወሰደቻት። ኢንገር መኪናው ውስጥ ሆና የሆነ ነገር ብላዋለች፤ ምን እንዳለች አልሰማም። የድንቹ መሬት ላይ ሣር በቀለበት።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከምዕራብ አገር ያልመጣ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ሥራ አጥ ወይም ወንጀለኛ ከበዛበት መንደሩ መበተን አለበት የሚል ሕግ ወጥቷል። የኛ ሕንፃ እንዲፈርስ ተወሰነ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሌላ ቦታ ቤት ይሰጠዋል፤ ተነጣጥሎ። ተነጣጥሎ የሚለው ነበር ዋናው ነገር።

ስብሰባ ተጠራ። ካትሪነ የምትባል የማዘጋጃ ቤት ልጅ መጣች፤ ከሃያ ስድስት አይበልጣትም፣ ፊቷ ደግ ነው። የተለየ ዓለም ፈጥራችሁ መኖራችሁ ለልጆቻችሁም አይበጅም፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር መቀላቀል አለባችሁ እያለች በስዕል አሳየችን። ናዪፍ እጁን አወጣ።

«እሺ ናዪፍ፣ አንተ ቀጥል» አለችው። ቋንቋቸው ለሁሉም ሰው አንተ ነው፤ ለምደነዋል።

ቆመ። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ከናንተ ሰዎች ጎን ቆሜ አሳማ ቆርጫለሁ» አለ። «በየታኅሣሡ ምሳችሁ ላይ ተቀምጫለሁ። ለልጄ የናንተን ቋንቋ ነው ያወራሁላት። የናንተን ልጅ ነው ያገባችው።» ስለ ለሚስ በሰው ፊት ሲናገር ከሠርጉ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። «ሌላ ምን እንድቀላቀል ነው የምትፈልጊው?»

ካትሪነ ወረቀቷን አየች። «አንተን በግል የሚመለከት አይደለም» አለች። «ቁጥሩ ነው።»

ከኋላ ሐይሰም የሚባል ጎረምሳ፣ «ዐሚ ናዪፍ፣ አጎቴ፣ ቁጭ ይበሉ። ስንት ዓመት ሲለማመጧቸው ኖረው ይኸው፣ እኛም እርስዎም እኩል ነን» አለው በዓረብኛ። አንዳንዱ ሳቀ። ናዪፍ ወዲያው አልተቀመጠም፤ ማን እንደሳቀ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ስልክ ተደወለልኝ። ናዪፍ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወድቆ ተገኝቶ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ የኔን ቁጥር አገኙ። ነርሷ፣ «ይናገራል፣ ግን ግራ ተጋብቷል፤ የሚለውን ማንም አይረዳውም» አለችኝ።

ስደርስ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ ግን ግራ አልተጋባም። «ራውዳ፣ ውኃ ጠማኝ፤ ከጠዋት ጀምሬ ውኃ እያልኳቸው ነው» አለኝ፣ ቀስ እያለ፣ በጠራ ዓረብኛ። ነርሷ በዴንማርክኛ ደህና ነህ ወይ ስትለው አፏን እንደ ሕፃን ያያል። ሐኪሙ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሶ እንደነበር፣ እንዲህ ሲሆን አንዳንዴ ከልጅነት ያለው ቋንቋ ሳይነካ ኋላ የመጣው እንደሚጠፋ ነገረኝ። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። አልተመለሰም።

ለሚስን ደወልኩላት። ሥራዋን ትታ በሩጫ መጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ቆመ። ናዪፍ ሲያያት አለቀሰ። እሷም አልጋው ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ካለቀሱ በኋላ ሊያወሩ ፈለጉ። አልቻሉም። እሷ በዴንማርክኛ ሰባት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ማውራት ጀመረች፤ እሱ እኔን አየኝ። እሱ በዓረብኛ መለሰ፤ እሷ እኔን አየችኝ። ዓረብኛዋ ብይና ጠጪ ላይ ነው የቆመው።

«ራውዳ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለች። «ለምን ሠርጌ ላይ እንዳልመጣ ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁት።

«ካስፐር ጥሩ ልጅ ነው በያት። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እጄን ሰጠኋቸው፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው፣ ምላሴን ሰጠኋቸው። አንድ ነገር እንኳ ለኔ ይቅር አልኩ። እሷን ነበር ያልኩት።»

እንደቻልኩት ተረጎምኩት። ዴንማርክኛዬ እንደሱ አይደለም፤ በኔ አፍ ሲወጣ እንደ ክስ ሳይሆን አልቀረም። ለሚስ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

«እኔ የማንም ዕቃ አልነበርኩም» አለች። «ይህን ንገሪው።»

አልነገርኩትም። «ሰምታሃለች» አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ለሚስ የአባቷን መነቅነቅ አይታ፣ ነግሬዋለሁ ብላ አመነች። ደግ አደረግኩ ወይስ አጠፋሁ፣ ዛሬም አላውቅም።

ሕንፃችን በበልግ ፈረሰ። እኔን ከከተማው በስተሰሜን ወሰዱኝ፤ ናዪፍን በስተደቡብ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት፣ ደረጃ የሌለው ቤት ሰጡት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ይሞቃል፣ ንጹሕ ነው። በዙሪያው ዓረብኛ የሚሰማ ሰው የለም። ለሚስ ወደ ቤቷ ልትወስደው ፈልጋ ነበር፤ ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ሌላ ቤት አመልክታ ተራ እየጠበቀች ነው። እሁድ እሁድ ልጁን ይዛ ትመጣለች። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን ለአያቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወራለት ነበር። አያቱ ፈገግ ሲል፣ በተሳሳተ ቦታ ሲስቅ፣ ልጁ እናቱን «አይሰማኝም?» ይላታል። አሁን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስልክ ይነካካል። አንዳንዴ ናዪፍ በደህና እጁ የልጁን ጆሮ ይነካል፤ ልጁም ዝም ብሎ ያስነካዋል።

በቀን አምስት ጊዜ የቤት ለቤት ረዳቶች ይመጣሉ፤ ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ይሄዳሉ። ደግ ልጆች ናቸው። አንዷ ሁለት የዓረብኛ ቃል ከስልኳ ተምራ ነበር፤ ግን ወዲያው ሌላ ሰፈር መደቧት። ከዴንማርኮች ጋር ተቀላቀል አሉት፤ ይኸው ከጠዋት እስከ ማታ ከነሱ በቀር ሰው አያይም።

እኔ መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ እሄድ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ክረምት ነው፣ ጉልበቴም እንደድሮው አይደለም። በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ከዚያ በአስራ አምስት ቀን። ስሄድ መጀመሪያ ሰሞን አፉ ይፈታ ነበር፤ ስለ ሱሀይላ፣ ስለ ቤንት፣ በልጅነቱ ባሕር ዳር ስላጠመደው ዓሣ ያወራል። ባለፈው ወር ግን፣ «ስትመጪ አወራለሁ፤ ስትሄጂ ያወራሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ይንገዋለላል። ባትመጪ ይሻለኛል» አለኝ።

«አትቀልድ» አልኩት።

«አልቀልድም፣ ራውዳ።»

ትናንት ግን ሄድኩ። መስኮቱ ጋ አዙረው አስቀምጠውታል፤ ሰላም ስለው እጄን ጨበጠ፣ ምንም አልተናገረም። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ አልን። ጠረጴዛው ላይ ረዳቶቹ የሚጽፉበት ደብተር ነበር፤ እንደዋዛ ገለጥኩት። የሰኞው፣ «ናዪፍ ጥሩ በልቷል። ጸጥ ብሏል፣ ደስተኛ ይመስላል» ይላል። የማክሰኞውም፣ «ጸጥ ብሏል፣ ደስተኛ ይመስላል።» የረቡዕንም አንድ ሌላ እጅ እንደዚያው ጽፎታል። ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ ነበረኝ፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አላወቅሁም። ደብተሩን መለስኩ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካከልኩለት፣ አውቶቡሱም በሰዓት አንዴ ብቻ ስለሆነ ተነሳሁ።